ለሌዘሩ የመጣው አልማዝ

ልጄ ሌዘር ነው የምትሠራው። ሰው «ልጅሽ ምን ሥራ ላይ ናት?» ሲለኝ «ብርሃን ትሠራለች» እላለሁ። «አምፖል ትሸጣለች?» ይሉኛል። ድሮ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። አሁን «አዎ፣ ትሸጣለች» እልና ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ስሜን መጻፍና የሰው ወገብ መለካት እስኪያስችለኝ ድረስ ተማርኩ፤ ከዚያ በላይ እኔም አልፈለግሁት፣ እሱም አልፈለገኝም። የልጄን ክፍል ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ጥቁሩን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። መሀሉ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የብረት ጠረጴዛ አለ። በላዩ ላይ የካፖርት አዝራር የሚያካክሉ መስታወቶች በየእግራቸው ቆመዋል። ልጄ ከአንዱ ሥር ያለችውን ብሎን በጣቷ ጫፍ ነካ ታደርግና ትንፋሿን ውጣ ታያለች። ደግሞ ነካ። ቀኑ በዚሁ ይመሻል።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«እማዬ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት በይው። መርፌውም ክሩም አይታይም እንጂ።»

እንዲህ ስትለኝ ሥራዋ ሥራ እንደሆነ ገባኝ።

ዘዴው ራማን ይባላል፤ ባገኘው ሰው ስም ነው አሉ። ልጄ ጫፍ ስትዘመዝምልኝ እንዲህ ብላ አስረድታኛለች፦ «አረንጓዴ ብርሃን ክሪስታል ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች ያንቀጠቅጣቸዋል። ለማንቀጥቀጥ ከራሱ ጉልበት ቆርሶ ይሰጣል። ጉልበቱ ሲቀንስ ቀለሙ ይለወጥና ቢጫ ሆኖ ይወጣል።»

«ደክሞት ገረጣ ማለት ነው?»

ትንሽ አሰበችና «አዎ፣ ደክሞት ገረጣ» አለች።

«ቢጫ ከፈለግሽ ለምን ቢጫ አምፖል አትገዢም?»

«የአምፖል ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። የኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እና ደግሞ እማዬ፣ የምትሰፊው ታጥፎብሻል።»

እውነቷን ነው፤ ታጥፎብኛል።

ቢጫውን አጥብቃ የምትፈልገው አንዲት የዓይን ሐኪም ናት። ከዓይን ጀርባ እየደማች ሰው የምታሳውር ቀጭን የደም ሥር አለች። ደም ቢጫ ብርሃንን ጥርግ አድርጎ ይውጣል አሉ፤ ስለዚህ በቢጫ ሌዘር ነካ ሲያደርጓት ደም ሥሯ ትዘጋለች፣ ሌላው ቦታ ሳይነካ ይቀራል። ልጄ ይኼን ማሽን ልትሠራላት ቃል ከገባች ቆይታለች። ችግሩ ክሪስታሉ ነበር። የመጀመሪያው ሙቀት አልቻለም፣ መሀሉ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ቢጫውን ብልጭ አድርጎ አሳይቶን ጠፋ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ክፍሉን ለፎቶ ኮፒ ማሽኖቹ ይፈልገዋል። በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት፦ «ሐኪሟ ስትመጣ ቢጫ ካላየች ክፍሉን እረከባለሁ። አንቺም የስብሰባ አዳራሹን ድምፅ ማጉያ ትጠግኛለሽ።»

ልጄ ያን ቀን ቤት ገብታ አላለቀሰችም። ሳህን አጠበች። የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበችው። የኔ ልጅ እንዲህ ስታደርግ ነገሩ የምር ነው።

እንግዲህ የቀረው ተስፋ አልማዝ ነበር። አልማዝ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል፣ አይሰነጠቅም። ከሩቅ ታዘዘ፣ ዘገየ፣ ዘገየ፣ ሐኪሟ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ደረሰ።

አሁን «እህም»ን ላስተዋውቃችሁ። እህም የልጄ የሥራ ባልደረባ ነው። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ልጅ ነው። ጉሮሮውን «እህም» ብሎ ሳያጸዳ ቃል አይወጣውም፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አሁን ዘበኛውም በሱ ነው የሚጠራው። ልጄን እንደሚወዳት ዘበኛውም ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ከመስታወቶቹ ቀና ብላ አይታው አታውቅማ።

አልማዙ በደረሰ ዕለት ጠዋት ልጄን ፀጉር ቤት ልኬያት ነበር። «በዚህ ፀጉር ሐኪም ፊት አትቀርቢም፣ ሕመምተኛ መስለሻት ታስተኛሻለች» ብዬ ገፍቼ ነው ያስወጣኋት። እህም ክሪስታሉን ተረክቦ በእጇ ሊሰጣት ቤት መጣ።

«እህም። እማማ፣ ደህና አደሩ?»

«እማማ አትበለኝ፣ ጥርሴ ሙሉ ነው።»

«እህም። እትዬ።»

«ተቀመጥ። እዚያ አይደለም፣ መርፌ አለበት።»

ዘሎ ተነሣና ከኪሱ ትንሽ ሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈታት። ውስጧ በለስላሳ ነገር ላይ የተኛች አንዲት ስባሪ አለች፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች፣ ከጥፍሬ ያጠረች፣ አራት ማዕዘን። ውሃ ቆርጠው ያስቀመጡት ይመስላል።

«ይቺ ናት አልማዟ?»

«ናት። ፋብሪካ ውስጥ ነው ያደገችው። ከመሬት ከሚወጣው ትጠራለች።»

ይኼን ሲናገር ጆሮው ቀላ። ስለ ድንጋይ ሲያወራ ጆሮው የሚቀላ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አንተ ልጅ፣ ሌላ ነገር አለህ። ተናገር።»

«እህም። እህም። ዛሬ ይቺን ስሰጣት ልጠይቃት አስቤ ነበር።»

«ምን?»

«እንድታገባኝ። እሷ በዓለም ላይ ከዚህች በላይ የምትፈልገው ነገር የለም። ይቺን እጇ ላይ ሳስቀምጥ ደስ ብሏት እያለ፣ እህም፣ በመሀል ቶሎ ብዬ…»

መቀሴን አስቀመጥኩ። ይቺን ቃል ስጠብቅ ሁለት የሙሽራ ቀሚስ ለሰው ልጅ ሰፍቼ ጨርሻለሁ።

«በዚህች ሣጥን?» አልኩት።

«አዎ።»

«በጥጥ ላይ ተኝታ? የተነቀለ ጥርስ ይዘህላት የመጣህ ነው እኮ የምትመስለው። ቀለበቱ የታል?»

«ቀለበት የለም። ለሥራ ናት እኮ።»

«ለሥራ ከሆነች ለሥራ ስጣት። ለጋብቻ ከሆነች ጣት ላይ ነው የምትገባው።»

«ለሁለቱም ናት» አለ፣ ላብ ብሎት።

«ለሁለቱም ከሆነች ወንድሜ ጋ እንሂድ።»

ታናሽ ወንድሜ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከኛ መንገድ መታጠፊያው ላይ ናት። እህም መንገዱን ሙሉ «ተመልሳ ትወጣለች?» ይለኛል፤ እኔ «ወንድሜ ያስገባውን ማውጣት አያቅተውም» እለዋለሁ። ወንድሜን ጠይቄ አልነበረም። ግን የሥጋ ወንድሜ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ወንድሜ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ድንጋዩን አገላበጠው።

«እትዬ፣ ይኼ ምን ዓይነት አልማዝ ነው? አያብለጨልጭም። ዙሪያውን ልጠርበው?»

እህም እንደዚያ የጮኸ «እህም!» አሰምቶ አያውቅም። «እንዳይነኩት! ሁለቱ ትንንሽ ጫፎች ላይ ስስ ቅብ አለ። ጣት ቢያርፍባቸው አለቀልን። ብርሃኑ በአንዱ ገብቶ በሌላው ነው የሚወጣው።»

«ጫፉን ካልነካሁ ወገቡን ነዋ የማቅፈው።»

«ወገቡን ይቻላል።»

ወንድሜ ተዘጋጅታ በተቀመጠች ቀለበት ላይ ትንንሽ የወርቅ ጥርሶች አበጀ። ድንጋዩን በወረንጦ አንስቶ አጋደመውና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ወገቡ ላይ አጎበጠ። ጫፎቹ በግራና በቀኝ ነፃ ቀሩ። ሲጨርስ ሳየው፣ ላታምኑኝ ትችላላችሁ፣ ቀለበት ሳይሆን ጣት ላይ የተቀመጠች ጡብ ነው የሚመስለው። ግን ቀለበት ነው። አልማዝ ነው። ምን ጎደለው?

ልጄ ለምሳ ስትገባ ፀጉሯ አምሮባታል። እህም ወጥ ቤቱ በር ላይ ተንበረከከ፤ መንገድ ስለዘጋ ድስቴን ይዤ ከኋላው ቆሜ ቀረሁ።

«እህም» አለ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው፤ ወለሉ ላይ አብራው ልትፈልግ ጎንበስ አለች።

«እህም። እህም።»

«አንተ ልጅ፣ ድስቱ እጄን እያቃጠለኝ ነው፣ ተናገራ!» አልኩት።

መናገሩን ተወውና ሣጥኑን ከፈተላት። ልጄ እሱን አላየችውም። ሣጥኑን ነው ያየችው። ፊቷ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ጠፋ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ጋብቻ ነው» አልኩ እኔ ከኋላ።

«ክሪስታሌ ነው! ክሪስታሌ ለምን ወርቅ ለበሰ?»

የሆነውን ነገርናት። እኔ ነገርኳት፤ እሱ በየመሀሉ ያስላል። ልጄ ሣጥኑን ከድና ቁጭ አለች። ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ነገ ጠዋት ሐኪሟ ትመጣለች» አለች። «ነገ ጠዋት ቢጫ ካልወጣ ክፍሌን ያጣሁት በናንተ ነው። በናንተ በሁለታችሁ። ተነሡ፣ ይውጣልኝ።»

ምሳው ቀዘቀዘ። ተነሥተን ሦስታችንም ወንድሜ ጋ ሄድን።

ወንድሜ ወረንጦውን አስጠግቶ፣ አስጠግቶ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ያስፈራሃል?» አልኩት። «ቅድም ስታስገባው ድንጋይ መስለህ ነበር።»

«ቅድም ለቀለበት ነበር የምሠራው። አሁን ይቺ ልጅ አጠገቤ ቆማ አልተነፍስ ብላለች። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ጥርሶቹን ወደ ላይ ባነሣ ጠርዙ ሊሸረፍብኝ ይችላል። በመጋዝ ብቆርጠው የወርቁ ብናኝ ጫፉ ላይ ያርፋል። ቀን ስጡኝ።»

«ቀን የለኝም አጎቴ» አለች ልጄ።

ማጉያውን ተቀበለችውና ድንጋዩን በአንዱ ጫፍ በኩል ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ብዙ አየችው። እኛ ሦስታችን አፏን እንጠብቃለን።

«ጫፎቹ ንጹሕ ናቸው» አለች። «እንዳለ ይገባል።»

«ምኑ?»

«ቀለበቱ። እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ይገባል።» ወደ እህም ዞረች። «አንተን የምገድልህ ነገ ነው። ዛሬ ብሎን የሚያጠብቅ እጅ ያስፈልገኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ አየችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ አትመጪም።»

«የመጋረጃው ጫፍ ተተርትሯል አሉ።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

ሄድኩ። ቀለበቱ ጠረጴዛው መሀል በቆመ ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ገብቷል፤ ሥሩ በመዳብ ተጠቅልሏል። ከወዲያና ከወዲህ ትንንሾቹ መስታወቶች ያዩታል። ሲያዩት ልብ ይነካል፤ ልጄ ጣት ላይ መግባት የነበረበት ቀለበት የብረት ጣት አግብቶ።

ኃላፊው ሜትር ይዞ ነው የገባው። ሰላም ሳይል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጋው።

«ሜትሩን ጠቅልለው» አልኩት። «ሰው ሳይሞት ሣጥን አይለካለትም።»

«እናት፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«መጋረጃ።»

ሐኪሟ ተከትላ ገባች፤ አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ የምታወራ ሴት ናት። «ሕመምተኞች እየጠበቁኝ ነው፣ እንጀምር» አለች። ልጄ ለሁላችንም ብርቱካንማ መነጽር አደለች። አረንጓዴው ብርሃን ዓይን ስለሚጎዳ መነጽሩ ይጋርደዋል፤ ቢጫውን ግን ያሳልፈዋል። «ቢጫው ከወጣ እዚህ ነጭ ካርቶን ላይ ያርፋል፣ ካርቶኑን ተመልከቱ» አለችን። መብራት ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር እም ማለት ጀመረ።

ካርቶኑን አየሁ። ቢጫ! ካርቶኑ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ቢጫ፣ የልጄ ጋውን ቢጫ፣ የኃላፊው ራሰ በራ ሳይቀር ቢጫ ሆኖ በራልኝ። እንዲህ ያለ ስኬት አልጠበቅሁም ነበር። በሁለት እጄ አጨበጨብኩ። ኃላፊው ሲጨበጨብ ወደ ኋላ የማይቀር ሰው ነውና እሱም ቶሎ ተቀበለኝ። ሐኪሟም ግራ እየገባት ሁለቴ ጣ ጣ አደረገች።

«እማዬ!» አለች ልጄ። «መነጽሩ ነው!»

«ምኑ?»

«ቢጫ ያሳየሽ መነጽሩ ነው! ገና ምንም አልወጣም!»

ጭብጨባው እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። መጨረሻ ያቆመው ኃላፊው ነው።

ካርቶኑ ላይ እውነትም ምንም ነጥብ የለም። ልጄ አንዱን ብሎን ነካ፣ ሌላውን ነካ አደረገች። ምንም። ብርሃኑን ዘግታ፣ መብራት አብርታ፣ የድንጋዩን ጫፍ በስስ ወረቀት ጠረገች። ደግማ ሞከረች። ምንም። ጀርባዋን አየዋለሁ፤ ያን ቀን ሳህን ስታጥብ የነበረው ጀርባ ነው። ከኋላዬ ሜትሩ ሲዘረጋ ሰማሁት።

ድንገት ልጄ ዓይኗን ድንጋዩ ላይ ተከለች።

«የፋብሪካው ምልክት የታለ? አንዱ ጎን ላይ ጭረት ነበረ።»

እህም ጎንበስ አለ። «ከላይ አለ።»

«በጎን በኩል ነበር መሆን ያለበት። ቀለበቱ ላይ ሲቀመጥ በየትኛው ጎኑ ተቀመጠ?»

«እህም። አጎትሽ ጠይቆኝ ነበር። በየትኛው ጎኑ ላስተኛው ብሎኝ ነበር።»

«አንተስ? ምን አልከው? አንተ እኮ ታውቃለህ! ይኼ ክሪስታል በየትኛው ጎን እንደሚቆም ከአንተ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም!»

እህም መሬቱን አየ። «ጣትሽ ላይ የሚያምረውን ጎን አልኩት።»

ሐኪሟ ከመነጽሯ በላይ አየችው፤ ልጄ ደግሞ፣ እናትነቴ ይመስክርብኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ለመግደል ይሁን ለሌላ ነገር አላወቅሁም።

«ክሪስታል እንደ ጨርቅ ነው» አለች ለሐኪሟ፣ ዓይኗን ከሱ ሳታነሣ። «በአንድ በኩል ስትስቢው ይለጠጣል፣ በሌላ በኩል አይለጠጥም። ብርሃኑ በትክክለኛው በኩል ካልመጣ አይንቀጠቀጥም። ዘንጉን ከእግሩ ነቅለን በአግድም እናስረዋለን፤ ቀለበቱ ይቆማል፣ ምልክቱም በጎን በኩል ይሆናል። ከዚያ መስታወቶቹን እንደገና ማስተካከል ነው።»

«ሰዓቱ አልቋል» አለ ኃላፊው። «ዕድል ተሰጥቷል፤ ሁላችንም አይተናል፤ አጨብጭበናል።» ወደ ማጥፊያው ሄደ።

ማጥፊያው አጠገብ አንዲት ወንበር ነበረች። ተቀመጥኩባት።

«እናት፣ ይነሡልኝ።»

«እግሬን አሞኛል።»

«ወንበሩን ላንሣልዎት።»

«እኔን ጨምረህ ነው የምታነሣው። ሞክር።»

አየኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ላለመሞከር ወሰነ። እኔም ፊቴን ወደ ሐኪሟ አዞርኩ፤ እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ነበር።

«ዶክተር፣ ካገኘሁሽ አይቀር ልጠይቅሽ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል። መርፌው ሁለት ይሆንብኛል፣ ክሩን በሁለቱ መሀል ነው የማሳልፈው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ቦርሳዋ ወረደ። ሐኪም ዓይን ካየ አያልፍም፤ እኔ ሱሪው የተተረተረ ሰው ካየሁ እንደማላልፈው ማለት ነው።

«ኧረ ቆየ። የግራው ደግሞ ያለቅሳል።»

«ቀና በይ። መነጽሩን አውልቂ።»

«አታውልቂ!» ጮኸች ልጄ ከጠረጴዛው ሥር።

«ብርሃኑ ተዘግቷል» አለ እህም፣ ሳይስል። እኔ ነኝ ልብ ያልኩት።

ሐኪሟ ትንሿን ባትሪዋን አውጥታ ዓይኔን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ አየሁላት። የግራዬን ስትጨርስ ቀኜም አለ አልኳት። ቀኜ ሲያልቅ እናቴ ዓይኗን ታምማ እንደነበር አነሣሁ፤ አክስቴም። የትኛዋ አክስቴ እንደሆነች ረስቼዋለሁ፣ ብቻ አክስት ነበረች። ኃላፊው ሜትሩን ይዘረጋል፣ ይጠቀልላል። በጆሮዬ ደግሞ ከጀርባ የምሰማው ይኼ ነው፦

«ያዝልኝ። አጥብቀው። ኧረ አንተ፣ አልጠበቀም!»

«ጠብቋል። ትንሽ ወደ ላይ።»

«እንዲህ?»

«እንዲህ።»

«መነጽር ያስፈልግሻል» አለችኝ ሐኪሟ።

«አለኝ» ብዬ ብርቱካንማውን አሳየኋት።

ሳቀች። «መነጽር አድርጉ!» አለች ልጄ፤ መብራት ጠፋ፣ ያ ነገር እም አለ።

እንደገና ሁሉ ቢጫ ሆነ። አሁንስ አልሸወድም ብዬ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ካርቶኑን ብቻ አየሁ። ልጄ ብሎኑን ነካ አደረገች። እህም የሩቁን ነካ አደረገ። በመጀመሪያ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር ካርቶኑ ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች። «ተመለሽ» አለች ልጄ በሹክሹክታ፤ ለነጥቧ ነው የምታወራው። ነካ አደረገች። ነጥቧ ተመለሰች። ቆመች። ከዚያ ወፈረች፣ ደመቀች፤ ካርቶኑን ልትበሳው የደረሰች እስኪመስለኝ ድረስ በራች። ከግድግዳውና ከኃላፊው ራስ ቢጫ ጋር የሚገናኝ ቢጫ አይደለም። ያኛው ቢጫ የለበሰ ነገር ነው፤ ይቺ ራሷ ቢጫ ናት።

ማንም አላጨበጨበም።

«ይኼም መነጽሩ ነው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አይደለም እማዬ» አለች። «አይደለም።»

ሐኪሟ ከካርቶኑ ፊት ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። ሕመምተኞቿን የረሳች ትመስላለች። ነጥቧን አየቻት፣ መለኪያ አስመጥታ ለካቻት፣ ትንሽ ጠብቃ ደግማ ለካቻት። «አትወርድም» አለች። «ጸንታለች። ይኼ ነው የምፈልገው። ክሪስታሉን የያዘው ምንድነው? ወርቅ ነው?»

«እህም» አለ እህም። «ወርቅ ሙቀት ያሳልፋል።»

ኃላፊው ራሱ እንዳዘዘው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ሐኪሟ ተነሣችና ለሱ ነገረችው፦ «ይኼን ክፍል ማንም አይነካውም። ይኼን መያዣ ደግሞ ከቦታው ማንም ንቅንቅ አያደርገውም። ሙከራዬን ጨርሼ ማሽኑ ሐኪም ቤት እስኪገባ ድረስ፣ አንድ ብሎን እንኳ እንዳይፈታ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል» አለ። ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሳይጠቀልል ስለከተተው ጭራው ተንጠልጥሎ ወጣ።

ልጄ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ፤ ግን የኔ ምክንያት ሌላ ነው።

«ቀለበቱስ?» አልኩ።

«የምን ቀለበት?» አለች ሐኪሟ።

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየነው። ቀለበቱ ቆሞ፣ የተጋደመ ዘንግ ወገቡ ውስጥ ገብቶ፣ መዳብ ለብሶ፣ ቢጫውን ያለማቋረጥ ይተፋል። ልጄ እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ወደ እህም ዞረች።

«ጠይቀኝ እንግዲህ» አለችው። «ሳታስል።»

እህም አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሲውጠውም አየሁት።

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ። ግን ብሎኑን አትንካ።»

እሱም አልነካም። እጁ ወደ እጇ ሲሄድ እንኳ ጠረጴዛውን ዞሮ ነው የሄደው። ሐኪሟ ይኼን ጊዜ ነገሩ ገባትና እንደገና አጨበጨበች፤ ኃላፊውም ተቀበላት።

እኔ አላጨበጨብኩም። የልጄ ጣት ባዶ ነው። ለዘመድ ምን ልበል? ታጭታለች፣ ቀለበቷን ማየት የፈለገ መነጽር አድርጎ ምድር ቤት ይውረድ ልበል? ቤት እንደገባን ነገሩን አነሣሁ። ሌላ ቀለበት ይሠራ አልኩ። እህም ወዲያው እሺ አለ፤ እሱ አሁን ማንኛውንም ነገር እሺ ይላል።

ልጄ ትንሽ አሰበችና «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች።

የኔ ልጅ ለአንዴ የኔን ሐሳብ ጥሩ አለች ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች፦ «ድንጋዩ ግን ካሁኑ ትንሽ ረዘም ያለ ይሁን። ምልክቱ ደግሞ በጎን በኩል።»

አየኋት። አየችኝ። ሁለተኛ ማሽን እያሰበች ነው።

መቀሴን አስቀምጬ፣ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ በቀጥታ ወደ መታጠፊያው ሄድኩ።

«ምን አመጣሽ እትዬ?» አለኝ ወንድሜ።

«ቀለበት ሥራልኝ» አልኩት። «ልሙጥ። ድንጋይ የሌለው። ምንም ነገር የማይገባበት፣ ምንም ነገር የማይወጣበት።»